ጭነት የለመደ ፍየል ያላችሁ፣ ስንት ኪሎ ታሸክሙታላችሁ?

ሱሉልታ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሙክት ፍየሎች አሉ። ለእርድም ለሽያጭም አይደሉም። ግልገል ሳሉ እናታቸው ሞታ በጡጦ ያደጉ ናቸው፣ ስለዚህ ሰው ካልወጣ ከግቢ አይወጡም፣ ሰው ከወጣ ደግሞ በር ብትዘጋም እዚያው ቆመው እስክትመለስ ይጮሃሉ። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። በበጋ ባጃጅ ይገባል፣ ክረምት ላይ ግን ጭቃው አያስገባም። ሁልጊዜ ተከትለውኝ ሱቅ ስለሚሄዱ ሽንኩርቱንና ሳሙናውን በትንሽ ከረጢት ግራና ቀኝ እያሰርኩላቸው መምጣት ጀመርን። ምንም አልተቃወሙም። አሁን ልጆቹም ከቦኖ ውሃ እንጫንባቸው እያሉኝ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሂማላያ አካባቢ ነጋዴዎች ከቲቤት ጨው፣ ከቆላው እህል በፍየልና በበግ ጀርባ ሲያመላልሱ ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጆን ሚዮንቺንስኪ የሚባል ሰው በ1970ዎቹ ዋዮሚንግ ተራራ ላይ የዱር በግ ሲያጠና ዕቃውን በፍየል ያስጭን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ተራራ ለመውጣት ይዟቸው ይሄዳል። ግን እነሱ የሚጭኑት አልፓይንና ሳነን የመሳሰሉትን የወተት ዝርያዎች ነው። ሙክቱ 80 ኪሎ አልፎ ይሄዳል። የእኛ የደጋ ፍየል ግማሹን ቢደርስ ነው። ስለዚህ የእነሱን ልክ ቀጥታ ወደዚህ ማምጣት አልፈልግም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ስንት ኪሎ ድረስ ሳይጎዱ መሸከም ይችላሉ? ከስንት ዓመት ጀምሮስ? የሞከራችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለአህያው፦
ወንድሜ ፍየሎቹን መውደድህ ደስ ይላል፣ ግን ለጭነት አህያ ተፈጥራለች። እኔ ቡራዩ ነኝ። አህያዬ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛ ዳገት ትወጣለች። ፍየል ላይ ይህን ብትጭን ወገቡን ነው የምትሰብረው። እዚህ አገር በግመልም በበቅሎም በአህያም ጭነናል፣ አሞሌው ራሱ ከአፋር የወጣው በእነሱ ነው። ፍየል ጭኖ የሄደ ሰው ግን አላየሁም። አባቶቻችን ይህን ሳያስቡት ቀርተው አይመስለኝም።

ሱሉልታ_ዳር፦
ልክ ነህ፣ ከአህያ ጋር ላወዳድር አልፈለግኩም። ሃያ ሊትር የሚያሻው ሰው አህያ ይያዝ። እኔ የምለው እነዚህ ፍየሎች ለማንኛውም አብረውኝ ይሄዳሉ። በእጄ የምይዘውን አምስት ስድስት ኪሎ እነሱ ቢይዙልኝ ለእኔም ይቀለኛል፣ ለእነሱም ሥራ ይሆናል። ሥራ የሌለው ፍየል አጥር ሲበላ ነው የሚውለው። አህያ ለመያዝ ደግሞ ግቢዬ አይበቃም።

የሰበታ_የእንስሳት_ሐኪም፦
መልሱ በዕድሜና በክብደት ነው የሚወሰነው። በፍየሉ ፈቃደኝነት አትለኩ። ሰው የለመደ ፍየል ከአቅሙ በላይ ተሸክሞም ይከተላችኋል። ጉዳቱ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ጉልበቱና የፊት እግሩ አንጓ ላይ።

መጀመሪያ የታችኛውን የፊት ጥርሱን እዩ። ሁሉም የወተት ጥርስ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካወጣ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል፣ አራት ከሆነ ወደ ሁለት፣ ስድስት ከሆነ ወደ ሦስት፣ ስምንቱም ከሞላ ወደ አራት ዓመት ነው። እንደ አመጋገቡና እንደ ዝርያው ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል። ዓመት እስኪሞላው አብሮ መራመድ ብቻ ይልመድ። ከዚያ ባዶ ኮርቻ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ እያሰራችሁ አለማምዱት። ሁለት ዓመት ሲያልፈው ጥቂት ኪሎ ይያዝ። ሙሉ ጭነት የሚባለው ጥርሱ ከሞላ በኋላ ነው፣ አጥንቱም የሚጠነክረው ያኔ ነው።

ልኩ ደግሞ ለጤነኛና መንገድ ለለመደ ፍየል ከክብደቱ ሩብ ነው። ሩቡ ጣሪያ ነው፣ የየቀኑ ጭነት አይሁን። ኮርቻውም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። 40 ኪሎ የሚመዝን ሙክት ቢበዛ 10 ኪሎ ነው፣ ኮርቻው ሁለት ኪሎ ከበላ ስምንት ይቀረዋል። ያልለመደ፣ የከሳ ወይም ከበሽታ ያገገመ ከሆነ ከዚያም ግማሹን ቀንሱ።

የእንጦጦ_ልጅ፦
ዶክተር ክብደቱን በምን እንለካው? እኛ ሰፈር የከብት ሚዛን የለም።

የሰበታ_የእንስሳት_ሐኪም፦
የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሻል። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ብብቱ ጋ፣ ደረቱን ዙሪያውን ለኪ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ለኪ። ሁለቱም በሴንቲሜትር ይሁን። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዢ፣ በርዝመቱ አባዢ፣ ለ10,800 አካፍዪ። ለምሳሌ ዙሪያው 78፣ ርዝመቱ 70 ከሆነ ወደ 39 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን ለጭነት ይበቃል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሁን፣ ሜትሩንም አታጥብቂው።

የእንጦጦ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው፣ ተራራው ጥግ። በልጅነቴ ያየሁት ጭነት ሁሉ በሴቶች ጀርባ ነበር። የባህር ዛፍ ቅጠሉንና ጭራሮውን ከሰውነታቸው የሚበልጥ አድርገው አስረው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፍየል ያን ጭነት አይተካም፣ እንዲህ የሚል ሰው ካለ አትስሙት። እኔ የምጭንበት ምሳ፣ ውሃ፣ ሹራብና የዝናብ ላስቲክ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእህቴ ጋር ወደ ላይ ስንወጣ።

ስለ መንገዱ ግን ብዙ ነገር አለ። ፍየል ውሃ ይጠላል። ቀጭን ጅረት እንኳ አይቶ ይቆማል፣ ብትጎትቺው ይተኛል። መጎተት አያስፈልግም፣ ራስሽ ተሻግረሽ ዝም ብለሽ ከሄድሽ እየጮኸ ይዘላታል። በሁለተኛው ላይ ብዙ አያስቸግርም። ቀንዱን ይዞ መምራት ደግሞ ይቅር፣ ያናድደዋል፣ በቀንዱ መማታት ያለምደዋል። አንገቱ ላይ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ይበቃል። ዝናብ ከመጣ ጭነቱን አውርዱ፣ በእርጥብ ጀርባ ላይ የሚፋተግ ኮርቻ ቶሎ ነው የሚያቆስለው።

ውሻም አስቡበት። መንጋ ሆነው የሚመጡ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ጠዋት በጣም አሉ። ጭነት ያለበት ፍየል እንደ ልቡ አይሮጥም። እኔ ዱላ ሳልይዝ አልወጣም፣ ጭነቱም በአንድ ስበት የሚፈታ ነው።

እማማ_ጌሾ፦
ልጆቼ፣ እኔ ፍየል የለኝም፣ ጎረቤቴ ግን አለው። ኮተቤ በኩል ነኝ። ለዓመት በዓል ጠላ የምጠምቅበትን ጌሾ ከሥሩ ሁለቴ አስግጦብኛል፣ ጎመኑንማ ተዉት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ የተባለው እኮ ያለ ነገር አይደለም። ይዞ መንገድ የሚሄድ ሰው ስንት አጥር ያልፋል? ጭነቱን ትለካላችሁ፣ የሰው ጓሮ ግን ማን ይለካ?

ሱሉልታ_ዳር፦
እማማ እውነትዎን ነው። እኔ ለዚህ ያደረግኩትን ልንገርዎት። ከቤት ሳይወጡ በፊት ድርቆሽ እስኪጠግቡ ይበላሉ። የጠገበ ፍየልም ይቀነጥሳል፣ ግን ቆሞ አይግጥም። ጓሮ ባለበት መንገድ ሁለቱንም በገመድ ነው የምይዛቸው፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ ብቻ እለቃቸዋለሁ። ለጎረቤትዎም አጥሩን በእሱ ወጪ ያጠናክርልዎ ዘንድ መናገር ይገባዎታል። ባለ ፍየሉ ነው መጠበቅ ያለበት። ጌሾ ተክሎ ያደረሰ ሰው ምን አጠፋ?

እማማ_ጌሾ፦
ተባረክ። ይህን ለእሱ አሳየዋለሁ።

ገላን_ሰፈር፦
ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ እንዳይሆንብኝ እንጂ ስለ ምግብ ልጠይቅ። ጭነት የሚይዝ ፍየል ጉልበት ይፈልጋል ብዬ ፉርሽካ በደንብ እሰጠዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ። ከጁስ ቤት ደግሞ ልጣጭ በነፃ አገኛለሁ። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቡካዶ፣ ያለውን ሁሉ። ጥሩ ነው አይደል?

የሰበታ_የእንስሳት_ሐኪም፦
ገላን፣ ይህን ዛሬውኑ አስተካክል። አቡካዶውን በሙሉ ለይተህ ጣል። ልጣጩም ፍሬውም ቅጠሉም ለፍየል መርዝ ነው፣ ልብ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ የምታጠባ ከሆነች ጡቷን ያሳብጣል። ፓፓያውና ማንጎው በትንሹ ችግር የለውም። የወፍ ቆሎ የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም አበባ ቁጥቋጦ በየአጥሩ አለ፣ እሱም ጉበት ይጎዳል። ፌስታል ደግሞ በየመንገዱ ስላለ አፋቸውን እዩ። ሆድ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል እንጂ አይወጣም። ፍየሉ እየበላ ይከሳል፣ ሰው በሽታ ይመስለዋል፣ ሲታረድ ሆዱ ሙሉ ፕላስቲክ ይገኛል።

አሁን ወደ ፉርሽካው። ይህን ሙክት ያላችሁ ሁሉ በደንብ አንብቡልኝ። የተኮላሸ ፍየል ዋነኛ ጠላቱ የሽንት ጠጠር ነው። የወንድ ፍየል የሽንት ቧንቧ ቀጭንና ጠመዝማዛ ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ከሁሉም ቦታ ይጠባል። ፉርሽካም እህልም ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል፣ ካልሲየም ያንሳቸዋል። ያ ሚዛን ሲዛባ ሽንቱ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፣ ጠጠሩ ቧንቧውን ይዘጋል። ፍየሉ እየጮኸ ያምጣል፣ ጅራቱን ያወዛውዛል፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል ወይም ጨርሶ አይወጣም፣ አንዳንዴ ሽንቱ የሚወጣበት ፀጉር ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት ያጠጣዋል። ሰዓታት ነው ያላችሁ፣ ፊኛው ከፈነዳ ማዳን በጣም ይከብዳል። ወዲያው ሐኪም ጥሩ።

መከላከያው ቀላል ነው። ዋናው ምግቡ ሳር፣ ድርቆሽና ቅጠል ይሁን። ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ በእኛ ደጋ ጥሩ ይበቅላል፣ አጥር ሥር ብትተክሉት ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል። ፉርሽካ ቢሰጥ በእፍኝ ይሁን፣ ያውም በሥራ ቀን። ጨው ይላስ፣ ጨው የላሰ ብዙ ይጠጣል። ውሃው ንፁህ ይሁን። ፍየል ቆሻሻ ውሃ ከሚጠጣ ተጠምቶ ቢያድር ይመርጣል።

ገላን_ሰፈር፦
ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አቡካዶውን አሁን ወጥቼ ለይቼዋለሁ። ሊጥና ትርፍራፊ እንጀራስ?

የሰበታ_የእንስሳት_ሐኪም፦
ደረቅ እንጀራ ቁራሽ ቢያገኝ አይጎዳውም። ሊጥና እህል ግን ከተከፈተ ዕቃ አርቁ። በዓል ሰሞን የሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኛው ምክንያታቸው ይኸው ነው፣ ፍየሉ ማድ ቤት ገብቶ ቡሆ ጨርሷል። ሆዱ ውስጥ አሲድ ይሆናል፣ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ ይወድቃል። አተላም በብዛት እንዲሁ ነው።

ለገጣፎ_አባወራ፦
በዓል ካነሳችሁ ላይቀር እኔ ያለሁበትን ልንገራችሁ። ለልጆቼ አንድ ወጠጤ ገዝቼ አኮላሽቼው አሳድገናል። አሁን አድጎ ትልቅ ሙክት ሆኗል፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን እየጫኑ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ግቢ የገባ እንግዳ ሁሉ ግን ጀርባውን ዳሰስ ያደርግና «ለፋሲካ ነው?» ይላል። ታላቅ ወንድሜማ ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል፣ ሙክት እያለህ በግ ብትገዛ ሰው ምን ይላል እያለ። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ትንሿ ልጄ ማታ ማታ በረቱን ሳታይ አትተኛም። ጭነት ምናምን ስትሉ ሳይ እናንተ ይህን እንዴት ተወጣችሁት ብዬ ነው።

ሱሉልታ_ዳር፦
ወንድሜ ይህ ከጭነቱም በላይ ከባድ ነው፣ ገብቶኛል። እኔ ያደረግኩት ቀድሞ መናገር ነው። በዓሉ ሲቃረብ ሳይሆን ገና ሁዳዴ ሲገባ፣ ሽማግሌ ዘመዶቼ ባሉበት፣ «እነዚህ አይታረዱም፣ የቤት ናቸው» ብዬ ነገርኳቸው። በዓሉን እንዳላጎድል ደግሞ ዶሮውንም በጉንም ቀደም ብዬ ገዛሁ። ሰው የሚከፋው በዓሉ ሲጎድል ነው። አልጎደለም፣ ስለዚህ ነገሩ በዚያው አለፈ። ለታላቅ ወንድምህ በአክብሮት ንገረው፣ ግን ልጆቹ ፊት ንገረው። ልጅቷ አባቷ እንዲህ ሲል በጆሮዋ መስማት አለባት።

እማማ_ጌሾ፦
ልጄ፣ በልጅነቴ አንዲት በግ ነበረችኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ሆና ጠበቀችኝ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ይኸው አርጅቼም አልረሳሁትም። ወንድምህን እኔ ላነጋግረው ብትለኝ አነጋግረዋለሁ።

ለገጣፎ_አባወራ፦
እማማ ኑሩልኝ። ዛሬ ማታ ቤት ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ልጆቹም ይኖራሉ።

የሰበታ_የእንስሳት_ሐኪም፦
እርድ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር። በዓል ላይ የፍየልም የበግም ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ አትስጡ። ደጋ ላይ ብዙ በግና ፍየል የሚጨርሰው አዙሪት የሚመጣው ከዚያ ነው። የትሉ እጭ አንጎሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ውሻው ይበላዋል፣ ውሻው ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በኩስ ወጥቶ ሳሩ ላይ ይቀራል፣ ፍየላችሁ ይግጠዋል። ከዚያ ነው አንገቱን አጣሞ በአንድ በኩል መዞር የሚጀምረው። ቅሉን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ግቢያችሁ ያለውን ውሻም የትል መድኃኒት ስጡት።

ክትባትም አትርሱ። ከሰው ጋር መንገድ የሚወጣ ፍየል ከሌላ መንጋ ጋር ይገናኛል፣ ገበያ አጠገብም ያልፋል። ደስታ መሰል በሽታና የፍየል ሳንባ ምች ከተዛመቱ ምሕረት የላቸውም። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ወረዳችሁን ጠይቁ።

የእንጦጦ_ልጅ፦
በረት ላይም አንድ ሰው ይጻፍ፣ ጅብ አለ እኮ። እኛ ጋ ማታ ማታ በር ድረስ ይመጣል። በእንጨት የተረበረበ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል ሠርተንላቸዋል፣ እርጥበቱም አይነካቸውም፣ ሽንቱም ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ጅብ ገንጥሎ ይገባል። ውስጡን በአጣና ደግፉት፣ በሩም ከውጭ በብረት ይቀርቀር።

ሱሉልታ_ዳር፦
ወደ ጭነቱ ልመለስ። ዶክተር እንዳሉት ሜትሩን ይዤ ለካሁ፣ ለማረጋገጥ ደግሞ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። ትልቁ 46 ኪሎ፣ ጥርሱ ሞልቷል። ትንሹ 34፣ አራት ጥርስ ነው። ስለዚህ ትልቁ ከነኮርቻው ከ11 ኪሎ አያልፍም፣ ትንሹ ሦስት ኪሎ ብቻ ይይዛል። ውሃ በባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን ሁለት፣ ትልቁ ላይ ብቻ። ሃያ ሊትሩን ልጆቹ ረስተውታል።

ኮርቻውን ሰፈራችን ያለ አናጢ ነው የሠራልኝ። ሁለት ቀጫጭን ሳንቃ የጎኑን ቅርጽ ይዘው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ በላይ በኩል በመስቀል ቅርጽ ይያያዛሉ፣ አከርካሪው ላይ ምንም አያርፍም። ዋናው ይኼ ነው፣ ጎድኑ ይሸከም እንጂ አከርካሪው አይንካ። ከጫንቃው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል፣ ወገቡ ላይ ግን መድረስ የለበትም። ከሥሩ የታጠፈ የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። በሆዱ ሥር መጫኛ፣ በደረቱ አንድ ማሰሪያ ለዳገቱ፣ ከጅራቱ ሥር አንድ ለቁልቁለቱ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዞራል፣ ስለዚህ በእጅ ሚዛን እየመዘንኩ ነው የማስረው። ቤት ስንደርስ አውርጄ ጀርባውን በእጄ እዳብሳለሁ፣ የሞቀ ወይም ፀጉሩ የተነሳ ቦታ ካለ ነገ አይጫንም።

ባለአህያው፦
ይህን ያህል ተጠንቅቀህ ከሆነ ልተወው። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ያነበብኩትን ለአህያዬም ልጠቀምበት ነው። ጀርባዋን በእጄ ዳስሼ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ዳሰስኳት። አንድ ቦታ ላይ ስትሸሽ ድልዳሉን ገልብጬ አየሁት፣ ሥሩ ተቀዶ ቋጠሮው ይወጋታል። ነገ አትጫንም። ልጄ ደግሞ ይህን አንብቦ ፍየል ግዛልኝ እያለ ነው። ወጠጤ ከገዛሁ መቼ ነው የሚኮላሸው? እኛ ጋ ሲቀጠቅጡ በድንጋይና በእንጨት ነው፣ ማየትም አልወድም።

የሰበታ_የእንስሳት_ሐኪም፦
በድንጋይ አታስቀጥቅጥ። በጣም ያሠቃያል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። በቡርዲዞ፣ ማለትም ቆዳውን ሳይቆርጥ ከውጭ ጨፍልቆ በሚያኮላሸው መቆንጠጫ፣ ባለሙያ ይሥራው፣ ማደንዘዣም ጠይቅ። ጊዜውን ደግሞ አታስቸኩል፣ አምስት ስድስት ወር ድረስ ቆይ። በጣም በጊዜ ከተኮላሸ የሽንት ቧንቧው ሳይሰፋ ይቀራል፣ ከላይ ያልኩት ጠጠር ቶሎ ይዘጋዋል። እስከዚያው ግን ከሴቶቹ ለየው፣ ወንድ ግልገል ከሦስት አራት ወሩ ጀምሮ ማስረገዝ ይችላል።

ባለአህያው፦
እሺ ዶክተር። አንድ ልግዛ ወይስ ሁለት? ግቢው ጠባብ ነው።

ሱሉልታ_ዳር፦
ሁለት። ብቻውን ያለ ፍየል ቀን ከሌት ይጮኻል፣ ጎረቤትም አያስተኛ፣ ራሱም መብላት ይተዋል። አህያዋ ጋ ሊላመድ ይችላል፣ ግን እሷ ሥራ ስትሄድ ማን ጋ ይሆናል? የኮርቻውን ልክ አናጢው ካርቶን ላይ ቆርጦልኛል፣ ስትገዛቸው ንገረኝ፣ በታክሲ እልክልሃለሁ። ለግልገል ግን አይሆንም፣ ዓመት አልፏቸው ነው የምትለካው።